የልጆቻችንን አንጎል አትመዝኑብን

«የሕይወት ክህሎት አሠልጣኝ» ከሚባሉት ሰዎች ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት አንዱ የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ልጅቷ በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ መካከል የምትመርጥበት ጊዜ ነው። ሰውየው ምርጫውን ሊያግዝ ተጋብዞ፣ «የወንድ አንጎል ትልቅ ነው፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ ይመቻል፤ የሴት ግን ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ድልድይ ወፍራም ስለሆነ ለቋንቋና ለስሜት ነው የተሠራው» ብሏቸዋል። ፊዚክስ የምትወደው ልጅ ማታ መጥታ «አክስቴ፣ እውነት ነው?» ስትለኝ ደሜ ፈላ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ነጭ ጋዋን ለብሶ ተመልሷል።

የመጠኑ ነገር እውነት ነው፤ የወንድ አንጎል በአማካይ 11 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የወንድ ቁመትና ሰውነትም ይበልጣል። ታዲያ መብለጡ ምን አመጣ? የአይንስታይን አንጎል እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመዘን 1,230 ግራም ነበር፤ ከወንዶች አማካይ በታች። «ድልድዩ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣ ጥናት የመጣ ወሬ ነው። የተመረመሩት 14 አንጎሎች ብቻ ነበሩ፤ የ9 ወንዶችና የ5 ሴቶች። እ.ኤ.አ. በ1997 የ49 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲታይ የተባለው ልዩነት አልተገኘም። አሠልጣኙ ግን ይህን ሳይሰማ ልጆች ፊት ይቆማል።

በዚህ ክርክር ከሁሉ የምወዳት አሊስ ሊን ነው። የእንግሊዝ ሴት ናት፣ የሒሳብ ሰው። የራስ ቅል ስፋት የአእምሮን ችሎታ ያሳያል በሚባልበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ደብሊን ላይ ለስብሰባ የመጡ የአናቶሚ ሊቃውንትን ጭንቅላት ልኬት ወስዳ ከሴት ተማሪዎች ልኬት ጋር አስተያየችው። አንዳንዶቹ ስመ ጥር ሊቃውንት ከተማሪዎቹ አነሱ። ከሊቃውንቱ ሁሉ የመጨረሻውን ትንሽ ቅል የያዘው ዩሊየስ ኮልማን ነበር፤ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት የሰው ዘር ተመራማሪዎች አንዱ። ፈታኞቿ ሥራዋን ለመቀበል አንገራገሩ፤ ዶክትሬቷን ግን አገኘች። ይህች ሴት በእኛ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ብትሰቀል ደስ ይለኛል።

አንጎል እንደሚሠራበት ሥራም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤሊኖር ማግዋየርና ባልደረቦቿ የለንደንን ታክሲ ነጂዎች መርምረው፣ መንገድን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል የኋላው ጎን ከሌላው ሰው ሰፋ ብሎ አገኙት። በሥራው ብዙ በቆዩት ላይ ደግሞ ይበልጥ ሰፍቶ ነበር።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የአባቴ ቤት ነው። ወንድሜና እኔ አንድ ክፍል ነበርን፤ መጽሐፋችንም አንድ። ራት ከተበላ በኋላ እሱ መጽሐፉን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ሰሐን አጥባለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ለነገ ሽንኩርት እከትፋለሁ። መጽሐፉ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዐይኔ በእንቅልፍ ተሸንፏል። ፈተና ሲመጣ እሱ ይበልጠኛል፤ ጎረቤቱም «ወንድ ልጅ ጭንቅላት አለው» ይላል። እናቴን አልወቅስም፤ እሷም ያደገችው እንዲሁ ነው። ዛሬም ግን በብዙ ቤት ያው ነው፤ ልጁ «እያጠና ነው» ይባላል፣ ልጅቷ ትጠራለች። ከአሠልጣኙ ንግግር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የማታ ሰዓት ነው።

ወንድና ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጆቹ ሰሐኑን እየተፈራረቁ ይጠቡ፤ ቡናውንም እየተፈራረቁ ያፍሉ። የጥናቱን ሰዓት እኩል አካፍሏቸው።