ሂድ፣ ኑር፣ ሁን

እናቴ ከጥያ ልትጠይቀን መጥታ ከልጆቼ ጋር ፊልም አየች። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የፈረንሳይ ፊልም ነው፤ ርእሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት ነው። ፈረንሳይኛ ባትሰማም ጅማሬው አልቸገራትም፤ በአማርኛ ነው። ሱዳን መጠለያ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇ እንዲተርፍላት ከቤተ እስራኤሎች ጋር ቀላቅላ ወደ እስራኤል ትልከዋለች።

ልጁን በየዕድሜው ሦስት ወጣቶች ተጫውተውታል፤ ሞሼ አጋዛይ፣ ሞሼ አበበና ሲራክ ሳባሃት። አሳዳጊዎቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ሚናው ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥና ፈረንሳይኛ ይሻገራል። ሲራክ ራሱ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ እስራኤል የገባ ነው። ፊልሙ በ2006 በድርሰቱ የሴዛር ሽልማት አግኝቷል፤ ለእኔ ቢሆን ለትንሹ ልጅ ዓይን በሰጠሁት።

እናቴን የያዛት ሌላ ነው። ልጁ አልሄድም ሲል እናቱ ተቆጥታ ስታባርረው «ምን ታድርግ!» አለች።

እኔን በዘጠኝ ዓመቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ስትልከኝ፣ መኪናው ሲነሳ ፊቷን አዙራ ነበር። ስንት ዘመን ቂም ይዤበታለሁ።

«ያን ቀን ለምን ዞርሽ?» አልኳት።

«ፊቴን ብታየው ኖሮ ከመኪናው ትወርድ ነበር» አለችኝና ለልጆቹ ሻይ ልታፈላ ተነሳች።