ተለባሽ የሕክምና መሣሪያዎች፦ ከታካሚው አካል እስከ ሐኪሙ ያለው መንገድ

የልብ ምትን፣ የደም ስኳርንና የሰውነት ሙቀትን በተከታታይ የሚለኩ ተለባሽ መሣሪያዎች ታካሚዎችን በቤታቸው ሆነው ለመከታተል ያስችላሉ። ለምሳሌ በመቐለ ከተማ ቃላሚኖ አካባቢ የሚኖር የልብ ታካሚ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ቢጠቀም፣ ልኬቱ ሐኪሙ ዘንድ ለመድረስ ሁለት እርከኖችን ያልፋል። የመጀመሪያው ከመሣሪያው እስከ ስልኩ፣ ሁለተኛው ከስልኩ በቴሌኮም ኔትወርክ እስከ ጤና ተቋሙ ነው።

የመጀመሪያው እርከን በመሣሪያው ውስጥ ባለው አነስተኛ አንቴና ላይ የተመሠረተ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የተለመዱ አንቴናዎች የዚህን ግማሽ ወይም ሩብ ርዝመት ስለሚፈልጉ፣ ንድፍ አውጪዎች መስመሩን በማጣጠፍ በጠባብ ቦታ እንዲገባ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ አንቴናው ከመጠን በላይ ሲያንስ ብቃቱ ይቀንሳል። የሰው አካልም አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ሞገዱን ይመጥጣል፤ አንቴናው የተቃኘበትን ድግግሞሽም ያዛባል። ስለሆነም በአንቴናውና በቆዳው መካከል ስስ የብረት ንጣፍ በማኖር ሞገዱ ወደ ውጭ እንዲሠራጭ፣ ወደ አካል የሚገባው ኃይልም እንዲቀንስ ይደረጋል። በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት የራስና የደረት አካባቢ የሚቀበለው ኃይል በኪሎ ግራም ከ2 ዋት መብለጥ የለበትም።

ሁለተኛው እርከን ግን በአንቴናው ጥራት ብቻ አይረጋገጥም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ወቅት በትግራይ የቴሌኮም አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ኔትወርክ በሌለበት ሁኔታ የትኛውም ልኬት ከታካሚው ስልክ አያልፍም። በመሆኑም ልኬቱን በራሱ አስቀምጦ ግንኙነቱ ሲመለስ የሚልክ፣ በአደጋ ጊዜም ለታካሚውና ለቤተሰቡ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ተመራጭ ነው።

ተገልጋዮች መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል። የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሻጩ መሣሪያው በአገር ውስጥ አገልግሎት ላይ እንዲውል የተፈቀደ መሆኑን በማስረጃ እንዲያሳይ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ከሁሉም በላይ የመሣሪያው ዝምታ የጤንነት ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የሕመም ምልክት የተሰማው ታካሚ የመሣሪያውን ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል።