ስለ አሮጌ ቤቶች የጀሶ ክፈፍ

ቤትን ማደስ መልካም ሥራ ነው። ጣራው የሚያፈስና ግድግዳው የተላላጠ ቤት የባለቤቱን ገንዘብ ይበላል፤ የተከራዩን ጤና ይጎዳል፤ የከተማንም መልክ ያበላሻል። ይሁን እንጂ ማደስና ማፍረስ የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ሳለ፣ በአስመራ አሮጌ ቤቶች ውስጥ አንዱ የሌላውን ስም ይዞ ሲሠራ ስላየሁ ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ። ነገሬም ግድግዳው ከኮርኒሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ክፍሉን ስለሚዞረው የጀሶ ጌጥ ነው።

ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ከቃሉ ልጀምር። ጣልያኖች ይህን ጌጥ «ኮርኒቼ» ይሉታል። በአማርኛ «ኮርኒስ» የምንለው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ወደ እኛ ሲመጣ ትርጉሙ ሰፋና ከራሳችን በላይ ያለው የክፍሉ ሽፋን በሙሉ መጠሪያ ሆነ። የጠርዙ ጌጥ ግን ያለ ስም ቀረ። እኔ «ክፈፍ» ብዬዋለሁ። ስም የሌለው ነገር በውል ጊዜ ጠበቃ የለውም።

አንድ ወዳጄ ነጋዴ በጣልያን ዘመን የተሠራ ቤት ገዝቶ ሳሎኑን ለቢሮ ለማከራየት አሰበ። በአንድ ማዕዘን ዝናብ ያጠቆረው ቦታ ስለ ነበረ፣ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ሲዋዋል «አሮጌው ኮርኒስ ተነሥቶ በአዲስ ይተካል» በሚል ቃል ፈረመ። እርሱ ያሰበው የጠቆረውን ማዕዘን ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ግን በአንድ ጥዋት በዙሪያው ያለውን ክፈፍ ሁሉ በመዶሻ አወረዱት፤ የኮርኒሱም ልስን ክንድ በሚያህል ስፋት ተገምሶ አብሮ ወደቀ። ወዳጄም ውሉን ይዞ መጥቶ «አንተ የቃል ሰው ነህና ፍረድ» አለኝ። አነበብሁት፤ ተቋራጩ ከቃሉ አልወጣም። ስብርባሪው በጆንያ ተሞልቶ ስለ ተጣለ፣ ቅርጹን የሚያሳይ አንድ ቁራጭ እንኳ አልተገኘም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ወዳጄ ግን የሚለቅመውንም አጣ።

ክፈፉ ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም። ግድግዳና ኮርኒስ በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ መጋጠሚያቸው ይሰነጠቃል፤ ክፈፉም ያንን ስንጥቅ ይሸፍናል። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እዚያው በቦታው፣ ጀሶው እርጥብ ሳለ በላሜራ የተቆረጠ ቅርጽ እየተጎተተበት ድርብ በድርብ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው በፎርማ ፈስሶ፣ በቃጫ ተጠናክሮ፣ ከደረቀ በኋላ በየቁራጩ የሚለጠፍ ነው። ይህኛው በጥንቃቄ ቢያዝ ሳይሰበር ሊወርድ ይችላል። የፊተኛው ግን ከልስኑ ጋር አንድ አካል ስለሆነ፣ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ልስኑን ይዞ ይወርዳል።

ስለዚህ መዶሻ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርመር። መጀመሪያ ጣራው ነው። የጀሶ ዋና ጠላቱ ውሃ ነውና፣ ፍሳሹን ሳይዘጉ ክፈፉን መለወጥ በሚቀጥለው ክረምት ሁለተኛ ወጪ መጥራት ነው። ሁለተኛም ክፈፉ ዙሪያውን በጣት ይንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከሥሩ የለቀቀ ነውና ያ ብቻ በብሎንና በአዲስ ጀሶ ይጠበቅ። ሦስተኛም ቅርጹ የጠፋ የሚመስለው በየጊዜው በተደራረበው ቀለም ምክንያት እንደሆነ ይታይ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሕፃናትን አርቆ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በጥቂት ውሃ እያረጠቡ መፋቅ እንጂ በደረቁ መፈግፈግ አይገባም። ይህን ሁሉ ሳያዩ ጤነኛውን ክፈፍ ማውረድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ማውረዱ ግድ የሆነ እንደሆነም ሥርዓት አለው። ክፈፉ ከግድግዳውና ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበት መስመር በስለታም ቢላዋ ይቆረጥ፤ ኮርኒሱ ከታች በእንጨት ይደገፍ፤ ክፈፉ በቀጭን መጋዝ በየክንዱ ተከፍሎ ከሥሩ ቀስ ተብሎ ይፈንቀል፤ ቁራጩም ሁሉ ቁጥር ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ አንድ ያልተጎዳ ቁራጭ ይቀመጥ። ከእርሱ ላይ ፎርማ ማውጣት ስለሚቻል፣ አንድ ክንድ የሚያህል ጀሶ የሳሎኑን ክፈፍ በሙሉ መልሶ ሊወልድ ይችላል።

«ይህ የቅኝ ገዢ ጌጥ ነው፤ ቢፈርስ ምን ይጎዳናል?» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከተማው በዘር ተከፋፍሎ ሲነደፍ፣ የአገሩ ሰው በእነዚያ ሳሎኖች በእንግድነት እንዲቀመጥ የታሰበ አልነበረም። ነገር ግን ንድፉን ያወጣው ጣልያናዊ ቢሆንም፣ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ኖራውን ያቦካው፣ በመሰላል ላይ የዋለው የአገሩ ልጅ ነው። የእጁን ሥራ አፍርሰን ስንጥል የምንበቀለው ገዢውን አይደለም፤ ስሙ በየትም ያልተጻፈውን ሠራተኛ የመጨረሻ ምስክሩን እንነሣዋለን።

አስመራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች። ዝናዋ ይልቁንም ከ1935 እስከ 1941 ድረስ በተሠሩት ጌጥ በማያበዙ ሕንፃዎች ነው፤ በ1938 የተሠራውን ፊያት ታልዬሮን የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለውን ሕንፃ መንገደኛው ሁሉ በዓይኑ ይጠብቀዋል። የሳሎን ክፈፍ ግን ከባለቤቱና ከተከራዩ በቀር የሚያየው የለም፤ በር ተዘግቶ በአንድ ጥዋት ቢጠፋ የሚጠይቅ አይገኝም።

ስለዚህ የዕድሳት ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንት በፈቃዱ ወረቀት ላይ «ግድግዳ»፣ «ኮርኒስ»፣ «ክፈፍ» ብለው ሦስቱን ለይተው እንዲጽፉ፣ እያንዳንዱም ይጠገን ወይም ይነሣ እንደሆነ እንዲያመለክቱ እመክራለሁ። ነጋዴውም ከመፈረሙ በፊት ተቋራጩን ወደ ክፍሉ አስገብቶ የሚነሣውን በጣቱ ያሳየው፤ ያሳየውንም ያጽፈው። ይህ ከአንድ መስመር ቀለም በላይ አያስወጣም። ወዳጄ ያንን አንድ መስመር ባለመጻፉ ዛሬ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሰሌዳ ተመትቶበታል። ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ወዳጄ እንግዳ ባስገባ ቁጥር ቀና ብሎ ጠርዙን ሲያይ ተመልክቼዋለሁ።