«ለበረዶ አገር የተሠራ ነው»

«ይሄማ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ይህን ያልሰማ ባለመኪና ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ በቅርቡ የሰማሁት ከአንድ ወጣት መካኒክ ነው። የጎረቤቴን የቆየች ኮሮላ ኮፈን ከፍቶ፣ ወደ ሞተሩ የአየር በር፣ ማለትም ወደ ትሮትሉ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን የውሃ ጎማዎች በመቀስ ቆረጠ። ከዚያ ጫፍና ጫፋቸውን በቁራጭ ቱቦ አገናኝቶ በክላምፕ አሰረ። «ከእንግዲህ ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ነው የሚተነፍሰው፤ ጉልበቷን ታያለህ» አለ። ጎረቤቴ ከፈለ። አመሰገነም።

እስቲ ስለዚህች የበረዶ አገር እንነጋገር። መንገዳችን ላይ ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል የገቡ ናቸው። ዱባይ በበጋዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቶዮታ ለዱባይ በሚሸጠው መኪና ሞተር ውስጥ ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን፣ አለ። ለሪያድ በሚሸጠውም አለ። እኛ ግን መኪናዋን ከበረሃ አምጥተን፣ በረሃ ለበረሃ ስትሮጥ የኖረችበትን ዕቃ «የበረዶ አገር ነው» ብለን እናወጣዋለን። እንግዲህ ወይ የቶዮታ መሐንዲሶች በረሃና በረዶ መለየት አቅቷቸዋል፣ ወይ ባለመቀሱ ወንድማችን ቸኩሏል።

የሚያስቀው ደግሞ የእኛው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጋቢ ተከናንቦ መኪናውን የሚያስነሳ ሰው «እኛ ሞቃት አገር ነን» ሲል ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው ያላየ ሰው ካለ ይሂድና ይይ።

ወደ ተቆረጡት ጎማዎች ልመለስ። በመካኒኩ አባባል፣ ትሮትሉን የሚያሞቀው ውሃ የሚገባውን አየር ስለሚያሞቀው ጉልበት ይቀንሳል። አየሩ ግን ትሮትሉ ውስጥ አይቀመጥም። ጣት በማታህል የብረት አንገት ውስጥ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ሽው ብሎ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት የሚቀበለውን ሙቀት እግር ነዳጅ መስጫው ላይ ሆኖ ለየሁት የሚል ሰው ካለ፣ የለየው የከፈለውን ገንዘብ ነው። የውሃው አንዱ ሥራ እዚያ በረዶ እንዳይሠራ መከላከል ነው፤ በትሮትልና በካርቡሬተር ጉሮሮ ውስጥ በረዶ እንዲሠራ ደግሞ ውጭ በረዶ መዝነብ የለበትም። በጠባቡ መተላለፊያ የሚሮጥ አየር ይቀዘቅዛል፤ ካርቡሬተር ላይ ሲሆን የነዳጁ መትነን ይጨመርበታል። ስለዚህ ውጭው ከዜሮ በላይ ሆኖ አየሩ እርጥበት ካለው ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላል። ይህን የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ገና በትምህርታቸው ይማሩታል።

ዋናው ጉዳት ግን ከበረዶ ጋር አይገናኝም። በአንዳንድ የቆዩ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ያ ቀጭን ጎማ የሚያመጣው ሙቅ ውሃ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ የሚያስተካክል ሥራ አለው። እዚያ ውስጥ በሙቀት የሚያብጥ ሰም የያዘች ትንሽ ዕቃ አለች። ሞተሩ በጠዋት ቀዝቃዛ ሲሆን አየር ታሳልፍና ሚኒሞውን ከፍ ታደርገዋለች፤ ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና ቀስ በቀስ ትዘጋዋለች። ውሃውን ቆርጠህ ስትወስድባት ሞተሩ መሞቁን በምን ታውቃለች? ለእሷ ሁልጊዜ ጠዋት ነው። መኪናው መብራት ላይ ቆሞም እየጮኸ ነዳጅ ይጠጣል። ባለቤቱ «ሚኒሞዋ ከፍ አለ» ብሎ ይመለሳል። ያው መካኒክ ደግሞ ቪቱን አዙሮ ሚኒሞውን ዝቅ ያደርግለታል፤ ያስከፍለዋልም። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ተነስቶ ይጠፋል፣ ተነስቶ ይጠፋል። ለሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። አሁን «ካንዴላ ቀይር» ይባላል። በአንዲት መቀስ ሦስት ሥራ የፈጠረ ሙያተኛ በሌላ መስክ ቢሆን ሽልማት ይሰጠው ነበር።

የማሞቂያው ጎማ ላይም ይኸው ነው። የጋቢናው ማሞቂያ ሲያፈስ ማስጠገን አለ፤ መቀየር አለ። እኛ ጋ ግን ሁለቱን ጎማዎች አጥፎ እርስ በርስ ማገናኘት ነው ልማዱ፤ ምክንያቱም፣ ታውቁታላችሁ፣ ማሞቂያ የበረዶ አገር ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሐምሌ ላይ ጣርማበርን ይውጣ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ውስጡ አምስት ሰው ይተነፍሳል፣ የፊት መስታወቱ ነጭ ሆኗል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሶፍት ይዞ ገደል አፋፍ ላይ መስታወት ይወለውላል። የድሮ ሾፌሮች የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ፦ ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ መውጣት ሲጀምር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው መስኮት ያወርዳሉ። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ቀንሶ ያወጣል። ጎማውን ያገናኘው ሰው ይህችን መጠባበቂያም ነው ያጣት።

ከሁሉም የከፋው ግን ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «ውሃው ሳይታገድ ይሩጥ፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል» ይላሉ። የሚታገደው ምኑ ነው? ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ ሲጨምር ራሱ ወለል ብሎ ይከፈታል። ዳገት ላይ የሚጨነቅን ሞተር ደህና ቴርሞስታት አያግደውም። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሁለት ክዳን ነው ያለው። አንዱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ሌላው ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስታወጣው አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ሆነ ማለት ነው። ፖምፑ ከሚገፋው ሙቅ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እናም መኪናው ከተማ ውስጥ በደንብ ሳይሞቅ ይውላል፤ ሙቀት ለኪው ሴንሰር «ገና ብርድ ነው» እያለ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል። ያው መኪና አባይ በረሃ ወርዶ ከድልድዩ ወደ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ ይፈላል። ለሙቀት ብለው ያወጡት ዕቃ ሙቀት በመጣ ዕለት አስመታቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ይበላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ መኪናው በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል። መካኒኩም ራሱን ነቅንቆ «ቶዮታም እንደ ድሮው አይደለም» ይላል።

ሞተሩ የሚሞቅበት እውነተኛ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ዓይኑ ሥር ነው። ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር ዝገትና ደለል ይሞላል። የራዲያተር ክዳንን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ላለው መኪና እንግዲህ ቴርሞስታቱ በሚከፈትበትና ውሃው በሚፈላበት መካከል የቀረችለት አሥር ዲግሪ ብቻ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሾፌር የማይደርስበት ችግር ደገኛውን ይደርስበታል። የሞቃት አገር ችግር አይደለም፤ የከፍታ ችግር ነው። ታዲያ የትኛው ጋራዥ ነው መጀመሪያ ክዳኑን አንስቶ ያየ?

ለምን እንደማያዩት ግልጽ ነው። ክዳን ለመቀየር መለዋወጫ ፍለጋ ሱማሌ ተራ መሄድ፣ ትክክለኛውን ግፊት ማወቅ፣ ከሻጭ ጋር መከራከር ይጠይቃል። ራዲያተር ለማጽዳት አውርዶ መልሶ መግጠም አለ። መቀስ ግን ኪስ ውስጥ አለ። ደንበኛውም ተባባሪ ነው፤ «ይህን ቀይር» ሲሉት ፊቱ የሚጠቁር ሰው «ይህን አወጣሁልህ» ሲሉት ደስ ይለዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በተከለከለበት ጊዜ ያለችንን ሞተር እንዲህ መጫወቻ ማድረግ ቅንጦት ነው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን አያድነንም፤ የብዙዎቹ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በጎማ ውስጥ በሚዞር ኩላንት ነው። ባለመቀሱ እዚያ የደረሰ ዕለት ምን እንደሚል ከወዲሁ አውቃለሁ።

ስለዚህ ባለመኪናዎች፣ ጎማ ሊያቋርጥ መቀስ ያነሳን መካኒክ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል፣ ወዴት ይሄዳል፣ እዚህ ሲደርስ ምን ይሠራል? ከመለሰላችሁ አዳምጡት። «ለበረዶ አገር ነው» ካላችሁ ኮፈኑን ዝጉ፣ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ሂዱ።