«ደኅና ነኝ» ለእናት ነው

ውጭ አገር ለትምህርት የሄደ ተማሪ ወደ አገሩ የሚልከው ወሬ ሁለት ዓይነት መሆን ነበረበት። አንደኛው ለእናት የሚላከው ነው፤ «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምግቡም ተስማምቶኛል» ይላል። ይህን ማንም አይንካው። እናት እንቅልፍ ማጣት የለባትም። ሁለተኛው ለጓደኛ፣ ማለትም በሚመጣው ዓመት ያንኑ መንገድ ለመከተል ማመልከቻ በመሙላት ላይ ላለው ተማሪ የሚላከው ነው። እኔ በበኩሌ ዛሬ ልከራከር የተነሣሁት በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ለጓደኛ የሚላከው ወሬ ለእናት ከሚላከው በአንድ ፊደል እንኳ የማይለይ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ይህን የምጽፈው ከስፔን አገር፣ ሳላማንካ ከምትባለው ከተማ ነው። ዩኒቨርስቲዋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1218 የተመሠረተ ነው። የስፓኒሽ ቋንቋ የመጀመሪያው ሰዋስው ታትሞ የወጣው በዚችው ከተማ በ1492 ነው። ዛሬም ቋንቋውን ለመማር ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፍባታል። ሕንጻዎቿ የተሠሩበት ድንጋይ ማታ ማታ በፀሐይ ሲመታ ወርቅ ይመስላል። እንግዲህ እዚህ ደርሶ በታላቁ አደባባይ መካከል ቆሞ ፎቶግራፍ የማይነሣ፣ ያንንም ወደ አዲስ አበባ የማይልክ ማን አለ? ፎቶግራፉ አይዋሽም። ነገር ግን የተነሣው ሰው በኪሱ ስንት እንዳለው፣ በዚያን ዕለትም ከሰማው ትምህርት ስንቱ እንደ ገባው አያሳይም።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ወንድማችን ነበረ። እኔ በመጣሁበት ዓመት የመጣ ነው። ከመነሣቱ በፊት ቀደም ብሎ የሄደ አንድ ተማሪን በስልክ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ «እንግሊዝኛ ከቻልክ ሌላው በሁለት ሳምንት ይለመዳል» የሚል ነው። እርሱም አመነ። ትምህርቱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስፓኒሽ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እንደ ሥዕል ይገለብጥ ነበር። ይህ ልጅ ደካማ አልነበረም፤ አገር ቤት ሳለ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ነው። መምህሩ ቀልድ ሲናገር ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እርሱም የሌሎቹን ፊት አይቶ ዘግይቶ ይስቃል። ያችን ዘግይታ የምትመጣ ሣቅ ያላየ ሰው የቋንቋ ችግር ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም። በታኅሣሥ ሁለት ትምህርት ተወ። በየካቲት ተሳፍሮ ተመለሰ። ለአውሮፕላን መሳፈሪያው አባቱ ተበድረው ነበር፤ ዛሬ በሰፈሩ «አቅቶት መጣ» ይባላል። «በሁለት ሳምንት ይለመዳል» ያለው ሰውዬ ግን ማንም የጠየቀው የለም። እርሱ ራሱ ትምህርቱን አጣርቶ መከታተል የቻለው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደ ሆነ ከቅርብ ጓደኞቹ ሰምቻለሁ።

ለምን ይዋሻል? ክፋት ነው አልልም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በእልልታ የሸኘው ልጅ በሦስተኛው ሳምንት «አልገባኝም፤ ብርዱም ከብዶኛል፤ የምናገረው ሰው የለኝም» ብሎ መጻፍ ያፍራል። «ሰው ምን ይለኛል» የምትለዋን ቃል ሻንጣው ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በአውሮፕላን ማረፊያም ማንም ፈትሾ አይወስድበትም። ሌላም ምክንያት አለ። ችግሩን ያለፈ ሰው ችግሩን ቶሎ ይረሳል። ከዓመት በኋላ ብትጠይቀው «ምንም አይደለም፤ ይለመዳል» ይልሃል።

ይለመዳል፤ እውነት ነው። ግን እንዴት እንደሚለመድ ለሚመጣው ሰው ቢነገረው ምን አለበት?

ከቋንቋው እንጀምር። እዚህ ላይ ማስፈራራት ብቻ ተገቢ አይደለም፤ አማርኛ ተናጋሪ ከሌላው እንግዳ የሚበልጥበት ነገር አለና። እንግሊዝና አሜሪካዊ አፉን እያጣመመ የሚታገላት «ኘ» ለእኛ ከሰኞ ጀምሮ የምናውቃት ፊደላችን ናት። አባቶቻችን «እስፓኝ» ይሉ የነበሩት በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን «ስፔን» ከምንለው ከእኛ ይልቅ ለባለቤቶቹ አጠራር ይቀርቡ ነበር። «ፔሮ» ሲላላ «ነገር ግን» ማለት ነው፤ «ሮ» ሲጠብቅ ውሻ ይሆናል። ማጥበቅና ማላላት ደግሞ ለእኛ የዕለት እንጀራችን ነው። ቀልዱም አለ። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ባሌ፣ ባሌ» ይላል፤ ወንዱም ለወንዱ ይለዋል። «እሺ» ማለታቸው ነው። «ማኛና» ሲሏችሁም ጤፍ የተገኘ እንዳይመስላችሁ፤ «ነገ» ማለት ነው። በየቢሮው ስትመላለሱ የምትሰሟት ቃል ናት፤ ከ«እሺ ነገ» አገር ለመጣ ሰው ግን ባዕድ አትሆንበትም።

ችግሩ ያለው ፍጥነቱና ግሡ ላይ ነው። እኛ «ነው» ብለን በአንድ የምንጨርሰውን እነርሱ በሁለት ግሥ ይከፍሉታል፤ አንደኛው ለጠባይና ለማንነት፣ ሁለተኛው ላለበት ቦታና ሁኔታ። አንዲት እህታችን ጓደኛዋ መታመሟን ለአከራያቸው ስትነግር በግሡ መለዋወጥ ምክንያት «ጓደኛዬ ክፉ ናት» ብላ አረፈችው። አከራይዋም በሩን መቆለፍ ጀመሩ። ይህን የመሰለ ነገር በሁለት ሳምንት አይለመድም። ከመምጣቱ በፊት በአገሩ ሳለ ሦስት ወር ተቀምጦ ግሥ የረባ ሰውና በባዶ እጁ የመጣ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ይለያያሉ። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቋንቋው ጋር ሌላ ነገር ይያያዛል። እዚህ መምህሩን «አንተ» ይሉታል። ፀጉሩ የሸበተ ሊቅ ነው፣ መጽሐፍ የጻፈ ነው፣ ተማሪው ግን በስሙ ጠርቶ «አንተ» ይለዋል። እነርሱም እንደኛ የአክብሮት መጠሪያ አላቸው፤ ለሽማግሌና ለማያውቁት ሰው ይጠቀሙበታል። በዩኒቨርስቲ ግን እየቀረ የሄደ ይመስላል። ታላቅ ሲገባ ብድግ እያለ ላደገ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚጨንቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። ብዙዎቻችን «አንተ» ማለቱን ሽሽት እስከ ጭራሹ ጥያቄ መጠየቅ እንተዋለን፤ መምህሩም ልጁ የሚጠይቀው የለውም ብሎ ያልፋል። ጨዋነታችን ነጥብ ያስቀንሰናል ማለት ነው።

ስለ ሰዓታቸው ደግሞ ብዙ ይቀለዳል። ምሳ በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ በ2 እና በ3 መካከል፣ እራት ከምሽቱ በ9 ወይም በ10 ይበላሉ። አዲስ የመጣ ተማሪ በ12 ተርቦ ምግብ ቤት ሲሄድ «ወጥ ቤቱ ገና አልተከፈተም» ይሉታል። ከዚያ ሱቁ ከ2 እስከ 5 ይዘጋበታል። ወዲያው «ሰነፎች ናቸው» ብሎ ይፈርዳል፤ ይህ ፍርድ ከእኛ በፊት በሰሜን አውሮፓ ሰዎች አፍ የኖረ ነው፤ እኛም ሳንመረምር ተዋስነው። እስቲ ፀሐይን እንጠይቅ። ሳላማንካ ከግሪኒች በስተ ምዕራብ ናት፤ ሰዓቷ ግን ከበርሊን ጋር አንድ ነው። በ1940 በመጋቢት ወር የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋው፤ እስከ ዛሬም ወደ ቦታው አልተመለሰም። በሞቃቱ ወራት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ስለዚህ ተማሪው በሚደርስበት በመስከረም ፀሐይ አናት ላይ የምትቆመው በእነርሱ ሰዓት ከ2፡20 ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ልክ 6 ሰዓት ማለት አይደለምን? እራታቸውም ቢሰላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስፔናዊው የሚበላው እናቴ በምትበላበት ሰዓት ነው፤ የተዛባው የግድግዳው ሰዓት እንጂ ሆዱ አይደለም። እኔ ይህን ካሰላሁ ወዲህ ረኃቤም ንዴቴም ቀለለልኝ፤ ሰዓቱን በፀሐይ ለሚቆጥር ሕዝብ ልጅ ነገሩ አስቸጋሪ አልነበረም።

ምግቡን ባጭሩ ልለፈው። ምስር አለ፤ ሆኖም የአሳማ ቋሊማ ይገባበታል። ለጿሚውም ለሙስሊሙም አይሆንም። «የአትክልት» ተብሎ የሚሸጠውን ሳንድዊች የገዛ ጿሚ ገልጦ ሲያይ ዓሣና እንቁላል ያገኝበታል። ራሱ የማይቀቅል ተማሪ ይቸገራል።

አሁን ማንም በደብዳቤው የማይጽፋት ነገር፣ ወረቀትና ገንዘብ፤ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ የውጭ አገር ተማሪ በገባ በአንድ ወር ውስጥ የነዋሪነት መታወቂያ ማመልከት አለበት። ከዚያም በፊት በማዘጋጃ ቤት መመዝገብ ያስፈልገዋል። ለመመዝገብ አድራሻ፣ አድራሻ ለማግኘት የኪራይ ውል፣ ለውሉ ደግሞ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ሕጉ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ሌላ የአንድ ወር መያዣ እንዲከፈል ያዛል። ስለዚህ የሁለት ወር ኪራይ በእጁ ሳይዝ ከአውሮፕላን የወረደ ልጅ ያ አንድ ወር በሆቴልና በሰው ሶፋ ላይ ያልፍበታል። ስሙም ራሱ ጣጣ አለው። ቅጹ ሁለት የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ ስፔናዊ የአባቱንም የእናቱንም ይይዛልና። እኛ የአባትና የአያት እንሞላለን፤ የእናት ቦታ በአያት ተያዘ ማለት ነው። በአንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ሳለሁ የአባቴ ስም በከፍተኛ ድምፅ ሲጠራ አባቴን እዚህ ማን አወቃቸው ብዬ ዘወር ዘወር አልሁ። በሁሉም ወረቀት ላይ ስም በአንድ ዓይነት ፊደልና በአንድ ዓይነት ተራ መጻፍ እንዳለበት የነገረን የለም፤ አንዲት ፊደል የተለዋወጠችበት ሰው ደግሞ ከዲግሪው ወረቀት ጋር እስኪታረቅ ወራት ይፈጅበታል።

«ይህ ሁሉ ከተነገረ ማን ይሄዳል?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የተነገረው ሰው ተዘጋጅቶ ይሄዳል እላለሁ። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ከአገራችን በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ተልከው ነበር፤ ብዙዎቹ በሶማሊያው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ናቸው። እነዚያ ልጆች እንግሊዝኛን ተተግነው የሚሸሹበት ጥግ አልነበራቸውም፤ ስፓኒሽን ተማሩት፤ በእርሱም ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑ አሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1603 ወደ አገራችን የገባው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛውንም ግዕዙንም አጥንቶ ነው ከንጉሥ ፊት ቆሞ የተከራከረው። በሃይማኖት በኩል ያስከተለው ጣጣ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ገብቶት ነበር፤ በሰው አገር በአስተርጓሚ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ በረንዳ ላይ እንደ ቆመ ይቀራል።

ዛሬ በሳላማንካ ብዙ የእኛ ልጆች በረንዳ ላይ ናቸው። ከሌሎች አገር ተማሪዎች ጋር በእንግሊዝኛ ይሰባሰባሉ፤ ማታ ወደ አገር ቤት በስልክ ያወራሉ፤ በአዲስ ዓመትና በመስቀል ተገናኝተው ያለቅሳሉ። መገናኘታቸውን አልነቅፍም፤ መስከረም አንድ ቀን በባዕድ አገር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መዋል ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ከሳምንት ሰባት ቀን አምስቱን በአማርኛ፣ ሁለቱን በእንግሊዝኛ ለሚያሳልፍ ሰው ስፓኒሽ በየት በኩል ይግባለት? በዩኒቨርስቲው ጥንታዊ በር ላይ ከተቀረጹት ምስሎች መካከል በራስ ቅል ላይ የተቀመጠች አንዲት እንቁራሪት አለች፤ ያለ ሰው ርዳታ ያገኛት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይባላል። የእኛ ልጆች ሁሉ አግኝተዋታል፤ እየተጠቋቆሙ ነው ያገኟት። የኪራዩን መያዣና የአንድ ወሩን ቀነ ገደብ ግን ለሚመጣው ልጅ የጠቆመ አላየሁም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህ ጋዜጣችን በየዕትሙ ግማሽ ገጽ ይስጥ። ውጭ አገር የደረሰ ተማሪ ሁሉ፣ ስፔንም ይሁን ሌላ አገር፣ በአምስተኛው ሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ይላክ፤ ከዓመት በኋላ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ረስቶታልና። ስሙን መግለጥ የሚያፍር ሰው ያለ ስም ይጻፍ፤ እናቱም እንዳታነብበት። ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጣ፣ ከትምህርቱ ስንቱ እንደ ገባው፣ ከመሄዱ በፊት ምን ቢያውቅ ይበጀው እንደ ነበረ ብቻ ይጻፍ። አደባባዩን የምናውቀው ስለ ሆነ ይቅር። ማመልከቻ የሚሞላው በሚያዝያ ስለ ሆነ የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ከመጋቢት በፊት ቢደርሱ መልካም ነው። ስለ ቤት ኪራይ የሚናገረውን እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ ጋር አብሬ ልኬዋለሁ።