ሳይሰብሩ ማየት

ዘንድሮ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ጋር ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ መጣ፦ «ልጄ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ ፊዚክስ ምን ይሠራለታል?» በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ልጆቹ ለአሥረኛ ክፍል ከሦስት የትምህርት መስመሮች አንዱን መምረጥ ስላለባቸው ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛ መልስ ሁለት ሕፃናት ናቸው።

አንዷ የአገራችን ልጅ ሰላም ናት። በፈረንጆች 2000 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለ ቦታ አገኛት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ቅሪተ አካሏ በደረቀ የአሸዋ ድንጋይ ተይዞ ስለነበር ዘረሰናይ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሣ ዓመታት ፈጅቶበታል። ያልበቀሉት ጥርሶቿ ግን መንጋጋዋ ውስጥ ነበሩ። እነሱን ለማየት አጥንቱን ከመስበር ይልቅ ራስ ቅሉ ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ወደሚገኘው ከሆስፒታል ራጅ እጅግ የበረታ ጨረር ወደሚያመነጭ ተቋም ተወሰደ። ጥርስ ሲያድግ በየቀኑ ስስ መስመር ይተዋል፤ ተመራማሪዎቹ መስመሮቹን ቆጠሩ። በ2020 ይፋ ባደረጉት ግምት ሰላም ስትሞት የ861 ቀን ልጅ ነበረች። አንድም ጥርስ አልተነቀለም።

ሁለተኛው ምቶቶ ነው (ስሙን ልጆቻችሁ ይተርጉሙላችሁ)። ኪሊፊ ውስጥ ፓንጋ ያ ሳኢዲ ከተባለው ዋሻ የተገኘ፣ ከ78 ሺህ ዓመት በፊት የተቀበረ ሕፃን ነው። አጥንቱ ሲነካ ይፈረፍር ስለነበር ከነአፈሩ በጄሶ ተጠቅልሎ እዚህ ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም መጣ፤ ከዚያም ወደ ስፔን፣ ቡርጎስ ሄደ። በዚያ የተደረገው ምርመራና የራጅ ምስል ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ እንደነበር፣ ራሱም ትራስ መሰል ነገር ላይ አርፎ እንደነበር አመለከተ። ልጁን ያንተራሰ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ሁለቱም ግን ለመታየት ባሕር መሻገር ነበረባቸው። ይህ ያስቆጨናል።

ሙያው ደግሞ እየሰፋ ነው። ተራው ራጅ የሚመዘግበው ምን ያህል ጨረር እንዳለፈ ብቻ ስለሆነ ድንጋይ የሆነ አጥንትና ዙሪያው ያለው ድንጋይ ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ስፔክትራል የሚባለው ራጅ የጨረሩን ጉልበት ጭምር ይለያል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጨረርን የሚውጥበት የራሱ መንገድ ስላለው ብረቱን ከካልሲየሙ መለየት ይቻላል። በየቤታችሁ የአያት ዳዊት ያላችሁ አስቡት፤ የብራናው ቀይ ቀለም ከምን ማዕድን እንደተሠራ ሳይፋቅ በጨረር ሊታወቅ ይችላል። ይህን የሚያነብ ሰው ፊዚክስ የተማረ ነው፤ ግዕዝም ቢያውቅ አይጎዳውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛ ክፍሎችን ወደ ብሔራዊ ሙዚየሙ እንወስዳለን። በሆስፒታል ራጅ ክፍል የምትሠሩ ወላጆችም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ የመስመር ምርጫው ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።