ሞዴሉ ማንን ቆጠረ?

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ፣ አያት። አንዲት ሴት መርካቶ ልትሄድ ታክሲ ትሳፈራለች። ሾፌሩ መስመሩን ቆርጦ መገናኛ ላይ ያወርዳታል፤ ሌላ ታክሲ ይዛ ሁለተኛ ሒሳብ ትከፍላለች። በዕቅድ አውጪው ኮምፒውተር ውስጥ ይህች ሴት አንድ ተጓዥ ናት ወይስ ሁለት? ከኋላዋ ተሰልፎ፣ ሲመሽበት እንደ መጣ የተመለሰውስ?

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የትራንስፖርት ሞዴል ምስጢር የለውም። ከየሰፈሩ ስንት ጉዞ ይነሣል? ወዴት ያመራል? በምን? በየትኛው መንገድ? እነዚህ አራት ደረጃዎች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ዲትሮይትና ቺካጎ ባሉ ከተሞች ጥናት ሲቀመሩ ትልቁ ጭንቀት የግል መኪና ነበር። አብዛኛው ሰው በእግሩና በታክሲ ለሚሄድባት አዲስ አበባ ልኩ ያው ነው?

ስሌቱ የሚማረው ከትናንት ጉዞ ነው። ትናንት ታክሲ ያጣ ሰው ግን አልተጓዘም። ያልተጓዘ ሁሉ መሄጃ የሌለው ነው? አውቶቡስ ስላልነበረ ተሳፋሪ አልተቆጠረም፤ ተሳፋሪ ስላልተቆጠረ አውቶቡስ አይመደብም። ይህን አዙሪት ዕቅድ እንበለው? በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሣው ነዋሪስ በሠንጠረዡ ላይ ዛሬም የድሮ ሰፈሩ ነው ያለው?

በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ። ከዚያ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆሙ። ለመለዋወጫ፣ ለውጭ ምንዛሪ፣ ለመብራት መጥፋት የተያዘ ረድፍ ያለው ሞዴል የትኛው ነው?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ቤንት ፍሉብየርና ባልደረቦቹ በ14 አገሮች 210 ፕሮጀክቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ከ10 የባቡር ፕሮጀክቶች በ9ኙ የመንገደኛ ትንበያው የተጋነነ ነበር። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ወደ ታች አያጋድልም ነበር? ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ሚዛን ምን ይባላል?

ኮምፒውተሩ ይጣል አልልም፤ በግምት ከመቆፈር ማስላት ይሻላል። ናይሮቢ ውስጥ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ታክሲ እየተሳፈሩ፣ መስመሩን በካርታ አስፍረዋል። የእኛን መስመር ከተራ አስከባሪውና ከረዳቱ በላይ ማን ያውቀዋል? ለመሆኑ ማን ጠየቃቸው? ትንበያውስ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሆነው ጋር ጎን ለጎን ለሕዝብ የማይታተመው ለምንድን ነው?

እስኪታተም ድረስ አንድ ነገር ይነገረን፤ ከአያት ሰልፍ የተመለሰው ሰው በየትኛው ረድፍ ተመዝግቧል?